የዲስክ ጎልፍ ፕላስቲክ አመራረጥ፦ ለዝናብ፣ ለብርድ፣ ለነፋስና ለጫካ

ዲስክ ጎልፍ የፕላስቲክ ዲስክ ከመነሻ ወርውሮ በጥቂት ውርወራ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ የማስገባት ጨዋታ ነው። ሱቅ ውስጥ ተመሳሳይ ስም የተጻፈባቸው ሁለት ዲስኮች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የአንዱ ዋጋ 10 ዶላር ገደማ፣ የሌላው 18 ነው። አብዛኛው ጀማሪ ልዩነቱ የጥራት ጉዳይ ብቻ ይመስለውና ወይ ርካሹን ያነሳል፣ ወይ ውዱ ይሻላል ብሎ ይከፍላል። ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ዲስኩ የሚፈለገው የት፣ በምን ዓይነት አየር፣ ለየትኛው ውርወራ ነው? አንድ ሞልድ (ዲስኩ የሚቀረጽበት ቅርጽ ማውጫ፤ ከእሱ የሚወጣው የዲስክ ዓይነትም ሞልድ ይባላል) በሁለት ዓይነት ፕላስቲክ ሲሠራ ሁለት የተለያየ ዲስክ ይሆናል። በእጅ ላይ ያለው ስሜት፣ መሬት ሲነካ የሚያሳየው ጠባይ፣ ዛፍ ሲመታ የሚደርስበት ጉዳት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚኖረው በረራ ሁሉ ፕላስቲኩን ይከተላል። ስለዚህ አዲስ ሞልድ ከመሞከር የለመዳችሁትን ሞልድ በሌላ ፕላስቲክ መግዛት ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጠቅማል።

መመሪያው በአሜሪካ የሕዝብ መናፈሻዎች ውስጥ ለሚጫወት ሰው የተዘጋጀ ነው። አብዛኞቹ ሜዳዎች እዚያ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ክፍያ አይጠይቁም። አማርኛ ተናጋሪ በብዛት በሚኖርባቸው አካባቢዎች ያለው አየር አንዱ ከሌላው አይገናኝም፤ የሚኒሶታ በረዶ፣ የሲያትል ዝናብ፣ የዴንቨር ስስ አየር፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወበቅ ሁሉም የየራሳቸውን ፕላስቲክ ይፈልጋሉ። የጎን አቅጣጫ የጠቀስንባቸው ቦታዎች ሁሉ በቀኝ እጁ ባክሃንድ (ክንዱን በደረቱ ፊት አሻግሮ) የሚወረውርን ተጫዋች የሚመለከቱ ናቸው፤ ግራኞች ግራና ቀኙን ይገልብጡት።

የፕላስቲኮቹ ቤተሰቦች

እያንዳንዱ አምራች ለፕላስቲኩ የራሱን ስም ስለሚሰጥ ዝርዝሩ ያደናግራል። በጠባያቸው ስንመድባቸው ግን አራት ቤተሰቦች ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው ቤዝ የሚባለው ርካሹ ፕላስቲክ ነው፦ የኢኖቫ ዲኤክስ፣ የዲስክራፍት ዲ-ላይን፣ የዳይናሚክ ዲስክስ ፕራይም፣ የላቲቱድ 64 ሬትሮ። አዲስ ሳለ እጅ ላይ ጥብቅ ይላል፤ ቶሎም ይጎዳል። ለፑተር (ለቅርብ ርቀት ለሚያገለግለው ዝግ ያለ ዲስክ) ብቻ ተብለው የሚቀመሙት እንደ ክላሲክ፣ ዜሮና ኤሌክትሮን ያሉትም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ብዙዎቹ ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ ተብለው ተከፍለው ይሸጣሉ።

ሁለተኛው ብርሃን የሚያሳልፈው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፦ ቻምፒየን፣ ዚ፣ ሉሲድ፣ ኦፕቶ፣ ፕሮቶን። ገጹ ልሙጥ ነው፤ ጉዳትን ከሁሉም በላይ ይችላል።

ሦስተኛው ብርሃን የማያሳልፍ ሆኖ ለእጅ የሚመች ውድ ፕላስቲክ ነው፦ ስታር፣ ኢኤስፒ፣ ፊውዥን፣ ጎልድ፣ ኒውትሮን። ከሁለተኛው ትንሽ ቀደም ብሎ ያረጃል፤ አያያዙ ግን ይሻላል።

አራተኛው የሦስተኛው ለስላሳ ወንድም ነው፦ ጂስታር፣ ዚ ፍሌክስ፣ የካስታፕላስት ኬ1 ሶፍት። በሁለት እጅ ይዛችሁ ስታጥፉት በቀላሉ ይታጠፋል።

ከእነዚህ ውጭ ክብደት ለመቀነስ ውስጣቸው ጥቃቅን የአየር አረፋ የተደረገባቸው አሉ፤ ብሊዛርድ ቻምፒየን፣ ሉሲድ ኤርና ኦፕቶ ኤር ይጠቀሳሉ። የክንዳቸው ፍጥነት ገና ላልዳበረ፣ ለልጆችና ዝግ ብለው ለሚወረውሩ ሰዎች በጣም ይረዳሉ።

አንድ ሞልድ በተለያየ ፕላስቲክ በረራው ለምን ይለያያል? የቀለጠው ፕላስቲክ ሞልዱ ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ የመኮማተሩ መጠን ደግሞ ከፕላስቲክ ፕላስቲክ ይለያያል። ስለዚህ አንዱ ላይኛው ገጹ ጎበጥ ብሎ፣ ሌላው ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። ጠርዙ ላይ የላይኛውና የታችኛው የሞልድ ክፍል የሚገናኙበት መስመርም ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። መስመሩ ከፍ ያለ ዲስክ ወደ ግራ የመታጠፍ ጠባዩ፣ ኦቨርስቴብል የሚባለው፣ ይበረታል። መስመሩ ዝቅ ያለው ወደ ቀኝ ለመዞር ይቀናዋል፤ እሱ አንደርስቴብል ነው። ጎበጥ ያለው አየር ላይ ይቆያል፤ ጠፍጣፋው ቶሎ ይወርዳል። በጥቅሉ የቻምፒየን ዲስክ ከስታር ወንድሙ ትንሽ የበለጠ ኦቨርስቴብል ነው። ዲስኩ ላይ የሚታተሙት አራት ቁጥሮች (ስፒድ ማለትም ፍጥነት፣ አየር ላይ መቆየት፣ ወደ ቀኝ መዞር፣ በመጨረሻ ወደ ግራ መታጠፍ)፣ ለምሳሌ የቲበርድ ሞልድ 7፣ 5፣ 0፣ 2፣ ብዙ ጊዜ በሁሉም ፕላስቲክ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ይህን ልዩነት አይነግሯችሁም።

1ኛ፦ ሜዳውን መርምሩ

ከመግዛታችሁ በፊት አዘውትራችሁ የምትጫወቱበትን ሜዳ በዓይነ ሕሊናችሁ ዙሩት። መሬቱ ሣር ብቻ ከሆነና ዛፉ አልፎ አልፎ ከሆነ ቤዝ ፕላስቲክ ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ጠባብ መተላለፊያ ያለው ጫካ ከሆነ ግን ድራይቨራችሁ (ለረጅም ርቀት የሚወረወረው ፈጣን ዲስክ) በየዙሩ ግንድ መምታቱ አይቀርም፤ የዲኤክስ ድራይቨር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠርዙ ተጎርዶ ሌላ ዲስክ ይሆናል። እዚያ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቤተሰብ ግዙ። ድንጋይ፣ ጠጠርና አስፋልት ያለበት ሜዳም እንደዚሁ ነው።

ዲስኩ መሬት ከነካ በኋላ የሚያደርገውንም አስቡ። ልሙጡና ጠንካራው ፕላስቲክ በደረቅ መሬት ላይ ነጥሮ ይንሸራተታል፤ ለስላሳውና የሚጨብጠው ቶሎ ይቆማል። ቅርጫቱ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ወይም ከውኃ አጠገብ ከተተከለ ወደዚያ የምትወረውሩት ሚድሬንጅ (በድራይቨርና በፑተር መካከል ያለ ዲስክ) ወይም ፑተር ለስላሳ ይሁን። ዲስኩ ወደ ግራ ተንሸራቶ ጥግ እንዲዞርላችሁ የምትፈልጉበት ጉድጓድ (ከአንድ መነሻ እስከ ቅርጫቱ ያለው የሜዳ ክፍል) ካለ ደግሞ ጠንካራ ኦቨርስቴብል፣ ለምሳሌ የቻምፒየን ፋየርበርድ፣ ያንን ሥራ ይሠራል።

ውኃ ተሻጋሪ ውርወራ ላይ የሚጠፋውን ዲስክ ዋጋ ከወዲሁ ወስኑ። አብዛኛው ዲስክ ይሰምጣል። የኢኖቫ ድራጎንና ዋሁ እንዲንሳፈፉ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ የብሊዛርድ ዲስኮችም ከ140 ግራም በታች ሲሆኑ ይንሳፈፋሉ። ካልሆነ ግን ሐይቁን ለመሻገር ብላችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ያለውን ርካሽ ዲስክ አታውጡ። የማታውቁት ዲስክ ውኃ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ በእጃችሁ በደንብ የገባውን ወርውሩ።

2ኛ፦ ዲስኩ የሚሠራውን ሥራ ለዩ

ለቅርጫት ፑት የምታደርጉበት (ከቅርብ ወደ ቅርጫቱ የምትወረውሩት) ፑተር ቤዝ ፕላስቲክ ይሁን። በቅርብ ርቀት ላይ የሚፈለገው ጣት ላይ የማይንሸራተት፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስሜት የሚሰጥ ዲስክ ነው። ሰንሰለት መምታት ፕላስቲኩን የሚጎዳው በጥቂቱ ስለሆነ ቶሎ ያረጃል የሚለው ሥጋት እዚህ ላይ ብዙ አይሠራም። ለስላሳው ቅርጫቱን ሲስት ብዙ ሳይነጥር ይወድቃል፤ ጠንካራው ከእጅ ሳይያዝ በንጽሕና ይለቀቃል። አንዱን መርጣችሁ ሁለት ወይም ሦስት ተመሳሳይ ግዙና በእነሱ ብቻ ተለማመዱ።

ከመነሻ የምትወረውሩት ፑተር ግን ሌላ ዲስክ ይሁን፤ ሞልዱ አንድ ቢሆንም ፕላስቲኩ ከሦስተኛው ቤተሰብ ይሁን። ፑት የምታደርጉበትን ቤዝ ፑተር በሙሉ ኃይል ዛፍ ላይ ከወረወራችሁት ጠርዙ ይላላል፤ ነገ ለፑት ስታነሱት ጣታችሁ የማያውቀው ጎድጓዳ ያገኛል።

ሚድሬንጅ ላይ ምርጫው ሰፊ ነው። እንደ ቡዝ ያለውን ሞልድ በዚ ወይም በኢኤስፒ መግዛት ለዓመታት አንድ ዓይነት በረራ ለሚፈልግ ሰው ይስማማል። ድራይቨር ላይ ደግሞ ክርክር አያስፈልግም፤ ጠርዙ ሰፊና ስለታም ስለሆነ ትንሽ ጭረት እንኳ በረራውን ይለውጣል፣ ስለዚህ ውዱ ፕላስቲክ ያዋጣል። አንድ ልዩነት አለ፤ ገና ለጀመረ ሰው እንደ ሌፐርድ ያለ ዝግ ያለ ድራይቨር በዲኤክስ መግዛቱ ጥሩ ነው። ቶሎ እየለዘበ ስለሚሄድ ዝግ ላለ ክንድም ቀጥ ብሎ መብረር ይጀምራል።

3ኛ፦ ለአየሩ አዘጋጁ

*ዝናብ።* ልሙጥ ፕላስቲክ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ በእርጥብ ቀን ቻምፒየንንና ዚን በቦርሳ ውስጥ ትታችሁ ከቤዝ ወይም ከሦስተኛው ቤተሰብ ምረጡ። አንዳንድ በጣም ለስላሳ ፕላስቲኮች ደረቅ ሲሆኑ ይጣበቁና ውኃ ሲነካቸው ግን እንደ ልሙጡ ይሆናሉ። ይህን ሱቅ ውስጥ ማወቅ ስለማይቻል ቤት ውስጥ ቧንቧ ሥር አርጥባችሁ ጨብጡትና ፈትሹት። ሁለት ፎጣ ያዙ፤ አንዱን ለጭቃ፣ ሌላውን ዣንጥላ ሥር ወይም ቦርሳ ውስጥ ሳይረጥብ ለመጨረሻው ማድረቂያ። ከመወርወራችሁ በፊት የጠርዙን የውስጥ ግድግዳ ጥረጉ፤ ጣቶች የሚያርፉት እዚያ ስለሆነ የላይኛውን ገጽ ብቻ ማድረቅ አይበቃም። በዱቄት የተሞላ የእጅ ማድረቂያ ከረጢትም ይረዳል። በዝናብ የሚደርሰው ዋና ስሕተት ዲስኩ ቀድሞ ከእጅ ማምለጡ ነው፤ የፈጠነውን ድራይቨር ትታችሁ በዝግታ በሚወረወር ፌርዌይ ድራይቨር ብትተኩት የምታጡት ርቀት ጥቂት ነው።

*ብርድ።* ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ፕላስቲክ ይጠጥራል፤ የደነዘዘ ጣትም ጠንካራ ጠርዝ መጨበጥ ያቅተዋል። አራተኛው ቤተሰብ ዋናው ጥቅሙ እዚህ ነው፤ ጂስታርና ዚ ፍሌክስ በበጋ ከመጠን በላይ የላሉ ቢመስሉም በክረምት መካከለኛ ጥንካሬ ላይ ይደርሳሉ። በብርድ ዛፍ የመታ ቤዝ ፕላስቲክ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ዲስኩን ያዘገየዋል፤ ወፍራም ልብስም ክንድን ያስራል። ሁለቱ ተደምረው ዲስኩ ቀድሞ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ርቀቱም ያጥራል። ስለዚህ ከምትለምዱት ይልቅ አንድ ደረጃ ያነሰ ስፒድ ወይም ይበልጥ አንደርስቴብል የሆነ ዲስክ ያዙ። ዲስኮቹን ሌሊት መኪና ውስጥ አታሳድሩ፤ ከቤት ሙቀት ሲወጡ የመጀመሪያዎቹን ጉድጓዶች በለሰለሰ ፕላስቲክ ትጫወታላችሁ።

በረዶ ላይ ትልቁ ችግር ዲስክ መጥፋቱ ነው። ዲስኩ በጠርዙ ገብቶ ከሥር ተንሸራቶ ይሄዳል፤ ከላይ የሚታየው ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ነው። ነጭ፣ ቢጫና ግልጽ ቀለም አትያዙ፤ ደማቅ ሮዝ፣ ብርቱካናማ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ይሻላል። ለወዳጅነት ጨዋታ ከሆነ ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር የሚደርስ ቀላል ሪባን ከዲስኩ ሥር መሃሉ ላይ በፕላስተር ለጥፉ፤ ዲስኩ ሲቀበር ሪባኑ ላይ ይቀራል። በእያንዳንዱ ውርወራ መካከል በረዶውን ጥረጉ፣ ካልሆነ ጠርዙ ላይ ይጋገራል።

*ሙቀት።* በሐምሌና በነሐሴ የሚያልበው እጅ የዝናብን ያህል ያስቸግራል፤ መፍትሔውም ያው ፎጣና ከረጢት ነው። በጣም ለስላሳ ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚላላ ጠንከር ያለውን ምረጡ። የቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ዲስክ ይጣመማል፤ በተለይ ከሌላ ዕቃ ጋር ተደግፎ ወይም ተጣጥፎ ከዋለ።

*ነፋስ።* ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ማንኛውንም ዲስክ ይበልጥ አንደርስቴብል ያስመስለዋል፤ ያረጀ ቤዝ ድራይቨር በእንዲህ ያለ ነፋስ ወደ ቀኝ ተገልብጦ ይሄዳል። እዚህ የሚያስፈልገው አዲስ፣ ጠንካራ፣ ኦቨርስቴብል፣ ከ173 እስከ 175 ግራም የሚመዝን ውድ ፕላስቲክ ነው። ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ዲስኩን ወደ መሬት ይጫነዋል፣ ወደ ግራም ያጣድፈዋል። ያን ጊዜ ቀለል ያለው፣ ጎበጥ ያለው፣ ያረጀው ዲስክ ተራው ነው። ዴንቨርን በመሰለ ከፍታ ቦታ ላይ ነፋስ ባይኖርም አየሩ ስስ ስለሆነ ዲስኮች ሁሉ ይበልጥ ኦቨርስቴብል ይሆናሉ፤ ከባሕር ወለል አካባቢ የመጣችሁ ከሆነ ያረጁትን ከፊት አድርጉ።

4ኛ፦ ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ ፈትሹ

አንድ ዓይነት ሞልድ፣ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ሆኖም በተለያየ ጊዜ የተሠራ ዲስክ ይለያያል። ቢቻል አምስት ስድስቱን አውጡና አወዳድሩ።

ክብደቱ ከሥሩ በእስክሪብቶ ወይም በተለጣፊ ወረቀት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የስፖርቱ የሙያ ማኅበር፣ በ1976 የተመሠረተው ፒዲጂኤ፣ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ስፋት ከ8.3 ግራም በላይ አይፈቅድም። የድራይቨር ስፋት 21.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጣሪያው 175 ግራም አካባቢ ላይ ይወድቃል፤ የዚህ ቁጥር ምክንያቱ ይኸው ነው። ለጀማሪ ከ150 እስከ 165 ግራም ይበቃል።

ቀጥሎ ዲስኩን በዓይን ትክክል ያዙትና የላይኛውን ገጽ ከጎን እዩ፤ ጎበጥ ያለ ነው ወይስ ጠፍጣፋ? ከዚያ አውራ ጣታችሁን የጠርዙ ውጫዊ አፍ ላይ አሳልፉና የሞልዱ መስመር የት እንዳለ ዳስሱ። ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ከተሰማችሁ ያኛው በነፋስ የሚጸናው ነው። መሃሉን በአውራ ጣት ጫኑት፤ ጫን ሲባል ተገልብጦ የሚመለስ ከሆነ ላይኛው ገጹ ለስላሳ ነው ማለት ነው። በመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ካልነካ የተጣመመ ነው፣ ተዉት።

በጭብጥ ላይ አትቸኩሉ። ሱቅ ውስጥ ያለ ዲስክ ገጹ ላይ ከማምረቻው የቀረ ቅባት ሊኖረው ስለሚችል አዲስ ዲስክ ከእውነተኛ ጠባዩ በላይ ያዳልጣል። ቤት ስትገቡ ለብ ባለ ውኃና በሳህን ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ ፍረዱ።

ቀለም የጌጥ ጉዳይ አይደለም። አረንጓዴ በሣር ላይ፣ ቀይና ቡናማ በመከር ቅጠል ላይ፣ ጥቁር ሰማያዊ በጫካ ጥላ ውስጥ ይጠፋሉ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ብቻ የሚመርጥ ሰው ደማቅ ሮዝ ይግዛ።

5ኛ፦ እርጅናን ተጠቀሙበት

ዲስክ በየጊዜው ሲመታ ጠርዙ ይጎረዳል፣ የሞልዱ መስመርም ዝቅ ይላል፤ በረራው ወደ አንደርስቴብል ያዘነብላል። ቤዝ ፕላስቲክ ይህን በሳምንታት፣ ቻምፒየን በዓመታት ያደርገዋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ብቻ ነው የሚያየው። ሆኖም ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንድ ሞልድ በሦስት የእርጅና ደረጃ ከያዛችሁ አያያዙና አለቃቀቁ ሳይለወጥ ሦስት መንገድ ታገኛላችሁ። የኢኖቫ ሮክ ለዚህ ሥራ የቆየ ምርጫ ነው። በዲኤክስ ሦስት ሮክ ግዙ፤ አንዱን በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሁለት ሦስት ዙሩ ወርውሩ፣ ሦስተኛውን ለነፋስ ቀን ብቻ አውጡ። ከአንድ ወቅት በኋላ አዲሱ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ መካከለኛው ቀጥ ይላል፣ አሮጌው ወደ ቀኝ ይዞራል። ዲስኮቹን ለመለየት ከሥራቸው 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉ።

ዛፍ ላይ ወይም አስፋልት ላይ እየወረወሩ በአንድ ቀን ለማስረጀት መሞከር አይጠቅምም። እንዲህ የተጎዳ ጠርዝ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚጎረድ ዲስኩ አየር ላይ ይንቀጠቀጣል።

ጠርዙ ላይ ፕላስቲክ ተልጦ ቆሞ ጣት የሚቧጭር ከሆነ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት በትንሹ አለስልሱት። ይህ በውድድር ደንብም የተፈቀደ ነው፤ የመቧጨር ምልክትንና የሞልድ እንከንን በመጠኑ ማለስለስ ይቻላል። በረራውን ለመለወጥ ብሎ አብዝቶ መሞረድ፣ ውፍረቱ የሚታወቅ ቀለም መቀባት፣ ቅርጹን ሆን ብሎ ማጣመም ግን ክልክል ነው። የተሰነጠቀ ወይም የተበሳ ዲስክም በውድድር አይፈቀድም፤ ከብርድ ወቅት በኋላ ዲስኮቻችሁን አንድ በአንድ አጥፋችሁ፣ በተለይ ጠርዙና የላይኛው ገጽ የሚገናኙበትን ቦታ በብርሃን ፊት ተመልከቱ። ግልጽ በሆነው ፕላስቲክ ላይ ስንጥቅ ቶሎ ይታያል፤ ብርሃን በማያሳልፈው ላይ ግን ስታጥፉት የሚከፈት ቀጭን መስመር ካለ መፈለግ አለባችሁ።